ዲስኩና የወይራው ታኮ

እሑድ የካቲት 9 ቀን 2017 ዓ.ም. ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ፣ አዳማ ውስጥ፣ ከአባቴ ቤት ፊት ለፊት ባለው ዳገት ላይ የአባቴ መኪና ከጎማዋ ሥር ታኮ ሳይደረግላት ቆመች። የያዛት የእጅ ፍሬኗ ብቻ ነበር። አልተንሸራተተችም።

በቦታው የነበርነው አባቴ፣ እህቴ፣ የእህቴ ባል፣ ጎረቤታችን የባጃጅ ሹፌርና እኔ ነን። የእህቴ ባል አጨበጨበ። አባቴ ከመኪናው ወርዶ ከፊት ከኋላ ዞሮ አያት፤ ከዚያ የእህቴን ባል አንገቱን አቅፎ ግንባሩን ሳመው። እኔ ታኮውን በእጄ እንደያዝኩ ቆሜ ነበር።

አባቴ የእኔን ግንባር መቼ እንደሳመ ለማስታወስ ሞከርኩ። ዩኒቨርሲቲ የገባሁ ጊዜ ይመስለኛል። እርግጠኛ አይደለሁም።

መኪናዋ እዚህ አገር ሰው ሁሉ ዋዝ የሚላት የሩሲያ ወታደራዊ ጂፕ ናት። በዕድሜ ከእኔ ብዙም አታንስም። የሠራዊት አገልግሎቷን ጨርሳ በጨረታ ተሸጠች፤ አባቴ በወንጂ የሸንኮራ ማሳ ዕድሜውን ሙሉ ትራክተር ሲነዳ ኖሮ ጡረታ በወጣ ሰሞን ጨረታውን ካሸነፈው ሰው ላይ ገዛት። አረንጓዴ ቀለሟን ራሱ ቀባት። ጣራዋ የድንኳን ጨርቅ ነው። በሯ ሲዘጋ የሰፈሩ ውሾች ሁሉ ይነሳሉ።

አንድ ችግር ነበረባት፤ የእጅ ፍሬኗ አይዝም። በአብዛኞቹ መኪኖች የእጅ ፍሬን የኋላ ጎማዎችን ነው የሚይዘው። በዚህች መኪና ግን የሚይዘው ጎማውን ሳይሆን ከካምቢዮ ወጥቶ ወደ ኋላ ጎማዎች የሚሄደውን የሚሽከረከር ዘንግ ነው። ዘንጉ ላይ ታምቡር አለ፤ ታምቡሩ ውስጥ ዘንጉን ጨምቆ የሚያቆም ሸራ አለ። ከእርጅና የተነሳ ከካምቢዮው የሚያንጠባጥበው ዘይት ታምቡሩ ውስጥ ይጠራቀማል። በዘይት የራሰ ሸራ ደግሞ ቅቤ እንደተቀባ እጅ ነው። አባቴ ዘይት የሚያግደውን ጎሚኒ ስንት ጊዜ እንዳስቀየረ ራሱም አያውቅም።

ስለዚህ ታኮ ነበረን። ከወይራ የተጠረበ፣ በአንድ በኩል የሰላ፣ ከጎማ ሥር የሚሸጎጥ ጉማጅ። መቀመጫው ከፊት፣ ከሹፌሩ ጎን ካለው ወንበር ሥር ነው፤ በዚያ ወንበር ላይ የሚቀመጠው ደግሞ እኔ ነበርኩ። እሑድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ አባቴን ተከትዬ እህቱን ለመጠየቅ ደራ እሄዳለሁ። ስንደርስ አባቴ እግሩን ፍሬኑ ላይ እንደጫነ ይቆያል። እኔ ዘልዬ እወርዳለሁ፣ ታኮውን እሸጉጣለሁ፣ የመኪናዋን ጎን በመዳፌ ሁለት ጊዜ መታ መታ አደርጋለሁ። ይህን ሲሰማ እግሩን ቀስ ብሎ ያነሳል። መኪናዋ ወደ ኋላ ትንሽ ትልና ታኮው ላይ ትደገፋለች። ሞተር የሚጠፋው ከዚያ በኋላ ነው።

በእኔና በአባቴ መካከል ከዚህ የበለጠ የተሳካ ንግግር አልነበረም። የምጽፈውን አያነብም። በሬዲዮ ድምፄን ሲሰማ፣ «ያ ቅድም ሲያወራ የነበረው ሰውዬ አንተ ነህ?» ብሎ ይጠይቀኛል። እግሩን የሚያነሳው ግን በእኔ መዳፍ ነበር።

የባጃጁ ሹፌር ይህን ሥራዬን ከመጀመሪያው ጀምሮ ያውቃል። ከሥራ መልስ ክራቫቴን እንዳሰርኩ ከጎማው ሥር ጎንበስ ስል ባየኝ ቁጥር አንገቱን አውጥቶ ይጮሃል።

«ኧረ ጋዜጠኛው! በአዳማ ብቸኛው ባለ ዲግሪ ረዳት!»

«አንተ ደግሞ ያለ ረዳት የምትንገላታው» እለዋለሁ።

«እኔማ የእጅ ፍሬን አለኝ!»

ባለፈው ዓመት መኪናዋ ዓመታዊ ምርመራ ላይ ወደቀች። መርማሪው አባቴን የምርመራ ጣቢያው ዳገት ላይ አስቁሞ የእጅ ፍሬን እንዲስብ አዘዘው፤ አባቴ ሳበ፤ መኪናዋ ሄደች። እኔ በልማድ ታኮ ይዤ ዘለልኩ። መርማሪው ወጣት ነበር፣ በትህትና ነው የተናገረው። «አባት፣ ታኮ እኮ ፍሬን አይሆንልዎትም። ይህን አስተካክለው ይምጡ፤ አለዚያ ቦሎ የለም።»

በዚያው ሰሞን ላንጋኖ ሐይቅ ዳር የእንግዳ ማረፊያ ያለው አንድ ሰው መኪናዋን ልግዛ ብሎ መጣ። ምን ሊያደርግባት እንዳሰበም አልደበቀም። ሞተሯን አውጥቶ በር ላይ ያቆማታል፣ ኮፈኗ ውስጥ አበባ ይተክላል፣ እንግዶች ፎቶ ይነሱባታል። አባቴ እስከ መጨረሻው አዳመጠውና «አስብበታለሁ» አለ። አስብበታለሁ ማለቱ አስደነገጠኝ። ፍሬኑ ካልተሠራ መኪናዋ መንገድ ላይ መውጣት አትችልም፤ እሱ ደግሞ ያለ እሷ ደራ አይሄድም። ጉልበቱ የሚኒባስ ደረጃ አይወጣለትም። በእኔ መኪና ልውሰድህ ስለው፣ «አንተ ሁሌ ስብሰባ ላይ ነህ» ይለኛል። አክስቴ ዓይኗ ከደከመ ወዲህ እሱ ካልመጣ ከግቢዋ አትወጣም። ነገሩ እንዲህ ነበር የቆመው፤ ወይ የእጅ ፍሬን፣ ወይ የላንጋኖ አበባ።

መፍትሔውን ያመጣው የእህቴ ባል ነው። እሱ በኢንዱስትሪ ፓርኩ ውስጥ በአንድ የልብስ ፋብሪካ የጥገና ባለሙያ ነው፤ የስፌት መኪና ሲበላሽ የሚጠራው እሱ ነው። ከእኔ በብዙ ዓመት ያንሳል። ወሬ ይወዳል፤ ሲያወራ ደግሞ በእጁ ይሠራዋል።

«አባባ፣ ታምቡሩን እንጣለው» አለ አንድ ቅዳሜ ምሳ ላይ። «ዲስክ እንሰርበት።»

«ዲስክ?» አለ አባቴ።

«ዲስክ። እንደ ሰሃን ነው፤ ዘንጉ ላይ ይታሰራል። በሁለት ወገን የሚቆነጥጠው መያዣ እናደርግለታለን። እርስዎ የእጅ ፍሬኑን ሲስቡ መያዣው ሰሃኑን ጭብጥ!» ሁለት ጣቱን አንድ ቂጣ ላይ ጭብጥ አደረገ።

«ዘይቱስ?»

«ታምቡር ዘይት ያቁራል። ዲስክ ግን ክፍት ነው፤ ሲሽከረከር ወርውሮ ይጥለዋል። ጎሚኒውንም አብረን እንቀይራለን።»

«የድሮው የእጅ ፍሬን ማንሻ ይሠራል?»

«ይሠራል። ሽቦ ብቻ ነው የምንለውጠው።»

አባቴ ጥያቄ ደረደረ። ቁጭ ብዬ አዳመጥኩ። በሥራዬ ሰው ስጠይቅ ነው የኖርኩት፤ ጥሩ ጥያቄ ስሰማ አውቃለሁ። አባቴ ከዚያ ቀን በፊት እንዲህ ያለ ጥያቄ ሲጠይቅ ሰምቼው አላውቅም። እኔን የሚጠይቀኝ «በላህ?» እና «ያ ሰውዬ አንተ ነህ?» ነው።

ሥራው ተጀመረ። ዲስኩን ከተጋጨች ትንሽ የቤት መኪና ላይ አገኙት። መሃሉ ላይ ያለው ቀዳዳ ከዘንጉ ጋር ስላልገጠመ ወደ ቶርኖ ቤት ተወሰደ፤ አባቴ አብሮ ሄደ። ተቆርጦ ሲመጣ ገጠመ፣ ግን ሲሽከረከር ይወዛወዛል። እንደገና ቶርኖ ቤት ሄዱ፤ አባቴ አሁንም አብሮ ሄደ። ሲመለሱ የባጃጁ ሹፌር «አባትና ልጅ ከየት ነው?» አላቸው። አባቴ አላረመውም። ይህን የነገረኝ የባጃጁ ሹፌር ራሱ ነው፤ ሲነግረኝ ፊቴን እያየ ነበር።

አንድ ከሰዓት ከስብሰባ በጊዜ ወጥቼ መጣሁ። ከመኪናዋ ሥር ሁለት ጥንድ እግር ይታያል፤ አንዱ ቱታ የለበሰ፣ ሌላው የአባቴ ነጠላ ጫማ። አንድ ካርቶን ላይ ጎን ለጎን ተኝተው ወደ ላይ እያዩ ያወራሉ።

«ቁልፍ አስራ ሦስት ስጠኝ ልጄ።»

«እንኩ አባባ። ኧረ ቀስ! ዓይንዎ ውስጥ ይገባል።»

«ዓይኔ በወንጂ አቧራ የኖረ ነው፤ ይህን ይችለዋል።»

ሳቁ። ጎንበስ ብዬ «ምን ልርዳችሁ?» አልኩ።

የአባቴ ድምፅ ከብረቱ መሃል መጣ። «አንተ ተው፤ ልብስህ ይቆሽሻል።»

እኔ አባቴን አንተ ነው የምለው። የእህቴ ባል እርስዎ ይለዋል። ከመኪናው ሥር ግን እሱ ነው የተኛው።

ወደ ቤት ስገባ እህቴ ሽንኩርት እየከተፈች ነበር። ሳታየኝ፣ «ቀናህ እንዴ?» አለችኝ።

«በምን?»

«በባሌ።»

«ባልሽ የሚያስቀና ምን አለው?»

ቢላዋዋን አስቀመጠች። «አባዬ አለዋ!»

የተናገረችው ትክክል ነበር።

ሰው ሲቀና የሚያደርገው ብዙ ነገር አለ። እኔ የማውቀው አንድ ብቻ ነው፤ ማጣራት። ስለዚች ዲስክ አጣራሁ። ሞጆ ውስጥ ድሮ በወታደራዊ ጋራዥ የሠሩ አንድ ሽማግሌ መካኒክ አነጋገርኩ፤ አዳማ ውስጥ ሌላ። ሁለቱ አይተዋወቁም። ለሁለቱም ያቀረብኩት አንድ ዓይነት ጥያቄ ነው፤ ይህ ነገር በምን ሊያጠፋ ይችላል? ዲስኩ ጥሩ ሐሳብ ነው አሉኝ፤ ሁለቱም። ይህን ለመስማት አልነበረም የሄድኩት። ቀጥዬ ስጠይቅ ግን ሁለቱም አንድ ነገር ነገሩኝ። ፍሬኑ የሚይዘው ዘንጉን እንጂ ጎማውን ስላልሆነ፣ አንዱ የኋላ ጎማ በክሪክ ከመሬት ከተነሳ ፍሬን የለም ማለት ነው። የተነሳው ጎማ ወደ አንድ ወገን ሲዞር፣ መሬት ላይ የቀረው ወደ ሌላው ይዞራል። ዘንጉ ሳይነቃነቅ መኪናው ይሄዳል። ማርሽ ማስገባትም አያድንም፤ ማርሽም የሚይዘው ያንኑ ዘንግ ነው።

ይህን ይዤ ቅዳሜ ምሳ ላይ ቀረብኩ። ድምፄን ዝቅ አድርጌ፣ ምንጮቼን ጠቅሼ ተናገርኩ።

የእህቴ ባል አልተቆጣም። «ልክ ነህ ጋሼ» አለ። «ግን እሱ የዲስኩ ጥፋት አይደለም እኮ፤ ታምቡሩም እንደዛው ነበር።»

ይህም ትክክል ነበር። ያላሰብኩት ነገር ነው።

«የዜና ሰው» አለ አባቴ እንጀራውን እየጠቀለለ። «ጥሩ ነገር ሲሠራ አደጋ ይፈልግለታል።»

ሁሉም ሳቁ። እኔም ሳቅኩ፤ ከሁሉም ዘግይቼ።

ከዚያ የካቲት 9 መጣ፤ መኪናዋ ዳገቱ ላይ ቆመች፤ ግንባር ተሳመ። በሳምንቱ ውስጥ ምርመራውን አለፈች። ያው ወጣት መርማሪ ዳገቱ ላይ ገፋት፤ ንቅንቅ አላለችም። ከሥሯ ጎንበስ ብሎ ዲስኩን አየና «ይህን ማን ሠራው?» አለ። አባቴ ሳያመነታ «ልጄ» አለ። እኔ አጠገቡ ነበርኩ። መርማሪው እጁን ለእኔ ዘረጋ። «እኔ አይደለሁም» አልኩ።

በሚቀጥለው እሑድ ደራ ሄድን። የእህቴ ባል ፍሬኑን በመንገድ ላይ ላዳምጠው ብሎ ከፊት ተቀመጠ። እኔና እህቴ ከኋላ፣ በጎን በተዘረጋው የወታደር አግዳሚ ላይ ሆንን። መልካሳን አልፈን ዳገቱን ስንጀምር የማየው የሁለቱን ማጅራት ነበር። ታኮው ከፊተኛው ወንበር ሥር፣ ከእህቴ ባል ተረከዝ ኋላ አለ። እጄን ሰድጄ ጎትቼ አወጣሁትና ጉልበቴ ላይ አደረግኩት። እህቴ አየችኝና ፊቷን ወደ ሜዳው አዞረች፤ ትከሻዋ ይንቀጠቀጣል፤ እየሳቀች ነበር።

የአክስቴ ቤት በር ዳገት ላይ ነው። አባቴ አቆመ፣ የእጅ ፍሬኑን ሳበ፣ ሞተሩን አጠፋ። መዳፍ አልጠበቀም። አክስቴ በሩን ይዛ «ኮቱ፣ ኮቱ!» እያለች በኦሮምኛ ወንድሟን ትጠራለች። ሁሉም ወረዱ። ያን ጊዜ ነው የግራው የኋላ ጎማ መተንፈሱን ያየነው፤ የግራር እሾህ ነው።

«ሁለት ደቂቃ» አለ የእህቴ ባል እጅጌውን እየሰበሰበ። ክሪኩን አወጣ።

«መጀመሪያ ታኮ ይደረግ» አልኩ።

«ዲስክ ነው እኮ ጋሼ!»

«ጎማ ልታነሳ ነው። ያልኳችሁን አስታውስ።»

«ማርሽም አስገብቻለሁ።»

«ማርሽም አይዛትም ብያለሁ።»

አባቴ ወደ እህቱ እየሄደ ሳይዞር ተናገረ። «ተወው፤ ሥራውን ይሥራበት።»

ለማን እንደተናገረ ግልጽ ነበር። ዞሬ ሄድኩና ታኮውን ከቀኙ የፊት ጎማ ኋላ ሸጎጥኩት። የእህቴ ባል አየኝ፤ ፈገግ ብሎ ክሪኩን ማዞር ቀጠለ።

ጎማው ከመሬት ሲለቅ ከመኪናዋ ሥር አንድ ድምፅ መጣ፣ ቋ! መኪናዋ ወደ ኋላ ሄደች። ርቀቱ ከአንድ ስንዝር አይበልጥም። ታኮው ጠጠሩን ፈጭቶ ነከሰ፣ ወይራው አጓራ፣ ቆመች። ክሪኩ ዘመም ብሎ ቀረ። የእህቴ ባል እጁን ከሥር መንጥቆ በጀርባው ወደቀ።

«ያ ዋቃ!» ብላ አምላኳን ጠራች አክስቴ፤ ዓይኗ ባያይም ድምፁን ሰምታለች።

አባቴ ሲሮጥ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው። ጉልበቱን ረስቶ መጣ። የእህቴን ባል እጅ ያዘ፤ ጣቶቹን አንድ በአንድ አጠፋቸው፣ ዘረጋቸው። «ልጄ፣ ተነካህ? እስቲ ጨብጥ። ዘርጋ።» ደህና ነበር። ሸሚዙን አራገፈለት። ከዚያ በኋላ ዞሮ ታኮውን አየ፤ እኔን አየ።

«ታኮዋን እንዳትነካት» አለኝ። «እዛው ትቆይ።»

ያን ቀን ከአባቴ ያገኘሁት ንግግር ይህ ነው። ሰውየውን ያተረፈው የእኔ እንጨት ነው፤ የተዳሰሱት ግን የእሱ ጣቶች ናቸው። ይህን ሳስብ ማፈር የነበረብኝ ይመስለኛል። ያን ሰዓት ግን የተሰማኝ ቅናት ብቻ ነው።

ጎማውን ሁለታችን ቀየርነው። ብሎኖቹን ሲያጠብቅ የእህቴ ባል ቀስ ብሎ አናገረኝ።

«ነግረኸን ነበር።»

«ነግሬ ነበር።»

«ጋሼ፣ አንድ ነገር ልንገርህ? ያን ሁሉ ቀን ከመኪናው ሥር ስንውል የሚያወራው ስለ አንተ ነው። ‹ጋዜጠኛው ቢያየው ምን ይል ይሆን? ጋዜጠኛው ይህን ያምንበት ይሆን?› አሰለቸኝ። እኔ ነኝ የምሠራው፣ የሚጠበቀው የአንተ ፍርድ።» አንዱን ብሎን ከሚገባው በላይ አጠበቀው።

አባቴን ስለዚህ ጉዳይ አልጠየቅኩትም። ምንጩ አንድ ብቻ ስለሆነ ያልተረጋገጠ ነው።

በሳምንቱ የእህቴ ባል አንድ ነገር በጨርቅ ጠቅልሎ ለአባቴ አመጣለት። ታኮ ነው። ከወፍራም ላሜራ የተበየደ፣ ቢጫ የተቀባ፣ ከሥሩ እንዳይንሸራተት ጎማ የተለጠፈበት፣ ከላዩ መያዣ ያለው። አባቴ አገላበጠው። መዘነው። ከዚያ ወደ እኔ አመጣው።

«እይ እስቲ» አለኝ፤ ፊቱ በርቷል። «መያዣ ሁሉ አለው!»

«አየሁ» አልኩ።

«በዚህማ እጅ አይቆሽሽም።»

የባጃጁ ሹፌር ከዳር ሆኖ ያይ ነበር። «ጋዜጠኛው፣ ከሥራ መባረርህ ነው?» አለ። የእህቴ ባል አልሳቀም፤ እኔን እያየ ነበር። የወይራውን ታኮ ከወንበሩ ሥር አውጥቼ ከኋላ፣ ከአግዳሚው ሥር አደረግኩት።

ባለፈው እሑድ አባቴ፣ የእህቴ ባልና እኔ ደራ ሄድን። የእህቴ ባል ከፊት ነበር፣ የብረቱን ታኮ እግሩ ሥር ይዞ፤ እኔ ከኋላ፣ የወይራውን ይዤ። አክስቴ በር ላይ ስንደርስ መኪናዋ ሳትቆም ሁለታችንም ዘለልን፤ እሱ በቀኝ፣ እኔ በኋላ በር። እሱ ብረቱን ከቀኙ የኋላ ጎማ ሥር ሲያደርግ፣ እኔ እንጨቱን ከግራው ሥር ሸጎጥኩ። እሱ የመኪናዋን ጎን በመዳፉ ሁለት ጊዜ መታ። እኔም መታሁ።

ቀና ስንል የሹፌሩ ወንበር ባዶ ነበር። የእጅ ፍሬኑ ተስቧል፣ ሞተሩ ጠፍቷል። መኪናዋ ዲስኩ ላይ ቆማለች፤ በሁለቱም ታኮዎች ላይ አልተደገፈችም። አባቴ እህቱን ክንዷን ይዞ ወደ ግቢው ገብቶ ነበር።